ሲጋራ ላቆመ ሰው ቤልጅግ?

ባለፈው ግንቦት አንድ ማታ ቴሌግራሜ ላይ ፎቶ ገባ። ጽሑፍ የለውም፣ ኢሞጂ የለውም፣ ፎቶ ብቻ። ሰሌን ላይ የተጋደመ አሮጌ ጠመንጃ ነው። የሰደፉ አንገት ላይ ቆዳ ተጠምጥሞበታል፤ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ቀለሙ ለቆ ብረቱ ነጭ ሆኗል። የላከው የዱብቲ አብሮ አደጌ ነው።

«ምን ጉድ ነው ይሄ?» ብዬ ጻፍኩለት።

መልሱ በድምፅ መጣ። ከኋላው የመኪና ሞተር ይሰማል። «ዛሬ አርባ አንደኛ ቀኔ ነው። ሲጋራ በአፌ አልዞረም። መቶ ሲሞላልኝ ይሄን ለራሴ እሸልማለሁ። ቤልጅግ ነው፤ እንደ አያቴ።»

መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነበር። አንድ ሰው ሳንባውን ካዳነ በኋላ ለራሱ ጠመንጃ ይገዛል? ሌላው ሰው ጫማ ይገዛል፣ ስልክ ይቀይራል፣ ቢበዛ ላንጋኖ ሄዶ ይመለሳል። ትንሽ ቆይቼ ሳስበው ግን ሳቁ ጠፋ። ልጁን አውቀዋለሁ። በ16 ዓመቱ ነው የጀመረው፤ ያኔ የመኪና ረዳት ነበር። አሁን ራሱ ሾፌር ነው፤ ከጅቡቲ ወደብ ጭነት እያነሳ በገላፊ ገብቶ፣ ሎጊያና ሚሌን አልፎ ወደ መሀል አገር ይወጣል። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሌሊት ነው፣ ሙቀት ነው፣ ብቸኝነት ነው። ጫት አለ፤ ጫት ካለ ሲጋራ አለ። ከዚህ በፊት አራት ጊዜ «አቆምኩ» ብሎኝ ያውቃል። የረጅሙ ዕድሜ ዘጠኝ ቀን ነበር።

ስለዚህ 41 ቀን ቀልድ አይደለም። ጠመንጃው ይሁን ምኑ፣ የሆነ ነገር ሠርቷል ማለት ነው። እኔ ደግሞ ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ሰው ነኝና «ምን ሠራ?» የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ።

እስቲ ከሽልማቱ እንጀምር። ሰው ለራሱ ወይም ሌላ ሰው ለሱ ሽልማት ቢያዘጋጅ ሲጋራ ያቆማል? ይሄ የቡና ወሬ አይደለም፣ በደንብ የተጠና ነገር ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሠራተኞች ላይ የተሠራ ነው። 878 አጫሾች ነበሩ። ግማሾቹ ስለ ማቆም መረጃ ብቻ ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ ደግሞ በመረጃው ላይ ካቆሙ በየደረጃው እስከ 750 ዶላር እንደሚከፈላቸው ተነገራቸው። ወደ አንድ ዓመት ገደማ ሲቆጠር መረጃ ብቻ ከተሰጣቸው ያቆሙት 5 በመቶ ናቸው። ገንዘብ ከተጨመረላቸው 14.7 በመቶ። ወደ ሦስት እጥፍ ነው። ግን ቁጥሩን ገልብጣችሁም እዩት፤ 750 ዶላር ተይዞላቸውም ከመቶው 85ቱ አላቆሙም። ኒኮቲን እንዲህ ነው።

ከዚያ በኋላ በ2019 እ.ኤ.አ. ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶች መርማሪ ድርጅት 33 ያህል እንዲህ ያሉ ሙከራዎችን ሰብስቦ፣ ከ21 ሺህ በላይ ሰዎችን መረጃ አይቶ፣ ሽልማት የማቆም ዕድልን ወደ አንድ ተኩል እጥፍ እንደሚያሳድግ ደመደመ። እኔን የገረመኝ ሽልማቱ ካለቀ በኋላም ልዩነቱ መቆየቱ ነው። «ብሩን ሲቀበሉ ተመልሰው ያጨሳሉ» የሚለው የብዙዎቻችን ግምት ሙሉ በሙሉ አልያዘም።

እኛ አገር ሲጋራን በሽልማት ሳይሆን በቅጣት ነው የምናውቀው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆን አጥብቀው እንደከለከሉና በሚያጨስ ላይ የከንፈር መቁረጥ ቅጣት እንደጣሉ ይተረካል። የዛሬው ሕግ እንደዚያ አይጨክንም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ማስታወቂያን ከልክሏል፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥን ከልክሏል፣ የፓኬቱ 70 በመቶ በማስጠንቀቂያ ሥዕል እንዲሸፈን አዟል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ደግሞ በማምረቻ ወጪው ላይ 30 በመቶ፣ በዚያ ላይ በየፓኬቱ 8 ብር ጫነ። ወረቀት ላይ ጠንካራ ነው። ሎጊያ መንገድ ዳር ስትቆሙ ግን ሕፃን ልጅ ካርቶን ታቅፎ ሲጋራ በነጠላ ይሸጥላችኋል፤ ግማሹ ፓኬት ላይ የአማርኛ ጽሑፍ እንኳ የለውም፣ በየት እንደገባ እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ። በነገራችን ላይ የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት ዛሬ ከ70 በመቶ በላይ የጃፓን ትምባሆ ኩባንያ ንብረት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፣ በዓመቱ ደግሞ በ434 ሚሊዮን ዶላር ጨመረ። ይሄን ያህል ዶላር የሚያወጣ ሰው የኢትዮጵያ ወጣት ማጨሱን ይተዋል ብሎ አስቦ አይደለም።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። በሁለተኛው ቀን ደወልኩለትና ሂሳብ ሠራን። በቀን ለሲጋራ የሚያወጣው፣ እሱ እንዳለው፣ 120 ብር ነው። በወር 3,600። በዓመት 43,800። ስልኩ ላይ ካልኩሌተር ከፍቶ ራሱ ሲያባዛው ለአፍታ ዝም አለ። «ይሄን ሁሉ ነው ያጨስኩት?» አለኝ። ከ16 ዓመቱ ጀምሮ እንዳያባዛው ቶሎ ወሬ ቀየርኩ።

ችግሩ፣ ያተረፈው ገንዘብ የት እንዳለ አያውቅም። ሲጋራ ያቆመ ሰው ሁሉ የሚገጥመው ነገር ነው፤ 120 ብሩ ኪስ ውስጥ ይቀራል፣ ከዚያ በምሳ፣ በካርድ፣ በለስላሳ፣ በምናምን ይተናል። ስለዚህ አንድ ነገር ሐሳብ አቀረብኩለት። በፊሊፒንስ፣ ሚንዳናኦ ደሴት ላይ፣ አንድ ባንክ ለአጫሾች የከፈተው ሒሳብ ነበር። አጫሹ ለስድስት ወር የራሱን ገንዘብ ያስገባል። በስድስተኛው ወር ሽንቱ ይመረመራል። ንጹሕ ከሆነ ገንዘቡን ይወስዳል፤ ካልሆነ ገንዘቡ ለበጎ አድራጎት ይሄዳል። ሒሳቡን ለመክፈት የተስማሙት ከተጠየቁት 11 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ማን ገንዘቡን በራሱ ላይ ይፈርዳል? ግን ዕድሉ የቀረበላቸው ሰዎች ካልቀረበላቸው ይልቅ ያቆሙበት መጠን በ3 ነጥብ ይበልጥ ነበር፤ ከዓመት በኋላም ሳይነገር በድንገት ሲመረመሩ ልዩነቱ እንዳለ ተገኘ።

«እዚህ እንዲህ ያለ ባንክ የለም» አለኝ።

«እናትህ አሉ» አልኩት።

እንዲህ ተስማማን። በየማታው 120 ብር በቴሌብር ለእናቱ ይልካል። እናቱ ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው፣ ግን *127# በማንኛውም ስልክ ይሠራል። መቶ ቀን ሳያጨስ ከሞላ ገንዘቡን መልሰው ይሰጡታል። አንዲት ሲጋራ ከነካ ገንዘቡ የእሳቸው ነው፣ ያሻቸውን ያድርጉበት። ከዚያ በፊት ያሉትን 42 ቀናት ደግሞ በአንድ ጊዜ አስገባ። 5,040 ብር። እናቱ ብሩ ሲገባላቸው ልጁ የተጣላ መስሏቸው ደንግጠው ደወሉለት።

ኢኮኖሚክስ ያነበበ ሰው እዚህ ላይ እጁን ማንሳት አለበት። እናትየው ልጁ ሲያጨስ የሚጠቀሙ ከሆነ፣ እንዲያጨስ የሚገፋፋ ጥቅም ሰጠናቸው ማለት ነው! መጽሐፉ የሚለው ይሄንን ነው። ይህን ስነግረው ጓደኛዬ እስኪያስለው ሳቀ። «ኢና ጠመንጃ ከምታይ ሲጋራ ብታይ ይሻላታል» አለ። ኢና በአፋርኛ እናት ማለት ነው። ያኔ ቀልድ መስሎኝ አለፍኩት።

አሁን ጠመንጃው። ለምን ቤልጅግ? ለምን ሰው ሁሉ እንደሚያወራው ክላሽ አይሆንም?

አያቱ ነበራቸው። በእጅ የሚቀባበል፣ አምስት ጥይት የሚጎርስ፣ በቤልጅየም የተሠራ የማውዘር ዓይነት። ጓደኛዬ ልጅ ሆኖ ያንን ጠመንጃ ተሸክሞ ከአያቱ ኋላ ግመል ጠብቋል፤ ጥይት አልነበረውም፣ ግን ተሸክሟል። በ2008ቱ ድርቅ ከብቱ ማለቅ ሲጀምር አያቱ ጠመንጃውን ሸጠው መኖ ገዙ። ከብቱም አልተረፈም። በዓመቱ አያቱ ሞቱ። ልጁ ይህን ታሪክ በሕይወቱ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የነገረኝ። ስለዚህ ያ ፎቶ የዕቃ ፎቶ አልነበረም።

ጠመንጃ እንደ ሽልማትም አዲስ ነገር አይደለም። በየዘመኑ ነገሥታትና መኳንንት ጀግና ያሉትን የሸለሙት በጠመንጃ ነው። ስሞቹ ራሳቸው ታሪክ ናቸው። ሰናድር የምንለው የእንግሊዙ ስናይደር ነው። ውጅግራ ደግሞ ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. የሠሩት «ፉዚ ግራ» ነው፤ አንድ አንድ ጥይት እየጎረሰ ዓድዋ ላይ ደርሷል። ለአውሳ የበለጠ ቅርብ ታሪክ ካስፈለገ፣ በ1875 እ.ኤ.አ. ለግብፅ ያደረው ስዊዘርላንዳዊው ሙንዚንገር ሠራዊት ይዞ አውሳ ሲገባ የአፋር ጦር ሌሊት ደርሶ ደመሰሰው፤ እሱም እዚያው ሞተ። የግብፅ ጦር ሬሚንግተን ታጥቆ ነበር፤ አፋሮቹ በአብዛኛው ጦርና ጊሌ። ጠመንጃ ሁልጊዜ ያሸንፋል ለሚል ሰው ይሄ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ቤልጅጉ የመጣው በኋላ፣ በ1920ዎቹና 30ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። መንግሥት ከቤልጅየሙ የኤፍኤን ፋብሪካ ገዛ፤ የአንበሳ ምልክት የታተመባቸው አሉ። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት በ1935 እ.ኤ.አ. ጀርመን ሳይቀር 10 ሺህ ማውዘር በምስጢር ልካለች፤ ሂትለር ለኢትዮጵያ አዝኖ አይደለም፣ ሙሶሊኒ አፍሪካ ውስጥ እንዲጠመድለት ነው። ከዚያ የጣሊያን ምርኮ ተጨመረ፣ የእንግሊዝ ሊ ኤንፊልድ ተጨመረ። ይሄ ሁሉ ብረት ከሰማንያ ዓመት በኋላም በየጎጆው አለ።

የሚገርመው፣ ሁሉም አልቀረም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በብዛት ተጭነው አሜሪካ ገብተዋል። ፍሎሪዳ ያለ አንድ አስመጪ ውጅግራውንም፣ ማውዘሩንም፣ የጣሊያኑንም በድረ ገጽ ለሰብሳቢዎች ይሸጣል። ዩቲዩብ ላይ ፈልጉ፤ ሣጥን እየከፈቱ ከኢትዮጵያ የመጣ አቧራ የሚያራግፉ ሰዎች ታያላችሁ። ሰደፉ ላይ የእኛ ሰው በሚስማር የቀረጸው ምልክት፣ በሽቦ የጠገነው ስንጥቅ አለ። አንዱን ቪዲዮ ለጓደኛዬ ላክሁለት። እስከ መጨረሻው አይቶ «ከነዚህ አንዱ የአያቴ ሊሆን ይችላል» ብሎ ጻፈ። ምን ልበለው?

ሰኔ ላይ ዱብቲ ወረድኩ። አባቴ በተንዳሆ እርሻ ጊዜ ለጥጥ ሥራ ከወሎ ወርዶ እዚያው የቀረ ሰው ነው፤ ቤታችን አሁንም እዚያ አለ። ሰኔ ላይ ዱብቲ ለመሄድ ምክንያት ያስፈልጋል፤ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ ንፋሱ ራሱ ከምጣድ ላይ የተነሳ ይመስላል። ምክንያቴ ግልጽ ነበር። ጓደኛዬ ጠመንጃውን ለአጎቱ ሊያሳይ ነው።

አጎቱን ሁሉም ሐጂ ነው የሚላቸው። የእናቱ ወንድም ናቸው። ፈቃድ ያለው፣ የተመዘገበ የራሳቸው ቤልጅግ አላቸው፤ ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልለው ከቁርኣናቸው ጋር ነው የሚያስቀምጡት። ጠመንጃ የማየት ችሎታቸው ደግሞ ሐኪም በሽተኛ እንደሚያይ ነው። ሻጩ፣ የማላውቀው ሰው፣ ፎቶው ላይ ያለውን ጠመንጃ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ሐጂ አልተጣደፉም። ሻይ ቀረበ። ዳጉ ተባባሉ፤ ከየት መጣህ፣ ዝናብ አለ ወይ፣ ግመል እንዴት ነው፣ ማን ሞተ፣ ማን ወለደ። አፋር ዜና ሳይለዋወጥ ወደ ጉዳይ አይገባም። ወደ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ጓደኛዬ ጣቶቹን ሲያፍተለትል አያለሁ፤ የሲጋራ ሰዓቱ ነው።

ከዚያ ሐጂ ጠመንጃውን ተቀበሉ። መጀመሪያ ባዶ መሆኑን አዩ። ማቀባበያውን አውጥተው በዚያ በኩል አፈሙዙን ወደ ፀሐይ አነጣጥረው አጮለቁ። እኔንም አሳዩኝ። ጤነኛ አፈሙዝ ውስጡ የተጠማዘዙ ስል መስመሮች አሉት፤ ጥይቱን እያሽከረከሩ የሚያወጡት እነሱ ናቸው። የዚህኛው ውስጡ የቀለጠ ሻማ ይመስል ነበር። የድሮ ጥይት ካፕሱል ጨው ይተዋል፤ ከተኮሱ በኋላ በውኃ ታጥቦ በዘይት ካልተጠረገ ጨው ከእርጥበት ጋር ብረቱን ይበላዋል። «ይሄን ማንም አጥቦት አያውቅም» አሉ።

ከዚያ ቁጥሩን አዩ። አካሉ ላይ ያለው ቁጥርና ማቀባበያው ላይ ያለው አይገናኝም። ከሌላ ጠመንጃ የተወሰደ ነው ማለት ነው። ይሄ የውበት ጉዳይ አይደለም፤ ማቀባበያው ከራሱ አካል ጋር በልክ ካልገጠመ ቀለሁ ሊፈነዳና የሚተኩሰውን ሰው ፊት ሊያቃጥል ይችላል። በመጨረሻ ሐጂ ቢላቸውን አወጡና የሰደፉ አንገት ላይ የተጠመጠመውን ቆዳ ቀስ ብለው ፈቱት። ፎቶው ላይ ጌጥ የመሰለኝ ቆዳ። ከሥሩ እንጨቱ ለሁለት ተሰንጥቋል።

ሻጩ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ሐጂ ዝም ብለው ቆዳውን መልሰው ጠመጠሙለት።

«ይሄ ጠመንጃ ታሟል» አሉ። «ደህና ቢሆንም አይገዛም።»

ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ነበር ዋናው። በኢትዮጵያ ሕግ፣ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012፣ ያለ ፈቃድ ጠመንጃ መያዝም፣ መግዛትም፣ መሸጥም ወንጀል ነው፤ ተቆጣጣሪው ፌዴራል ፖሊስ ነው። አሮጌ ነው፣ የአያት ነው፣ በእጅ ነው የሚቀባበለው ብሎ ነገር የለም። ይሄን ለሚያነብ ሁሉ በግልጽ ልበለው፤ ዋጋውንም፣ ከየት እንደሚመጣም እዚህ የማልጽፈው በዚሁ ምክንያት ነው። ጓደኛዬ «ባህላችን ነው» ሊል ሲሞክር ሐጂ የራሳቸውን ወረቀት አወጡ። «ባህሉን ከወረቀቱ ጋር ያዝ» አሉት። ሻጩ ጨርቁን ጠቅልሎ ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ከሄደ በኋላ የተናገሩትን ግን አልረሳውም። አፋር አካባቢ ያለውን ሁኔታ፣ በተለይ ከኢሳ ጋር ያለውን የቆየ ግጭት፣ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። «አንተ ሾፌር ነህ» አሉት። «ጠመንጃ የሌለው ሾፌር ሾፌር ነው። ጠመንጃ ሲኖርህ ግን ነገር በተነሳ ቁጥር መጀመሪያ የምትጠራው አንተ ነህ። አልሄድም ልትል ነው? ለሽልማት ያልከው ዕዳ ነው የሚሆንብህ።» እናቱ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ምንም አላሉም። «ኢና ጠመንጃ ከምታይ ሲጋራ ብታይ ይሻላታል» ያለኝ ትዝ አለኝ፤ ቀልድ አልነበረም።

ያን ማታ አጨሰ።

እኔ አላየሁም። ጠዋት ራሱ ነገረኝ፤ አዋሽ ዳር ሄዶ አንድ፣ ከዚያ ሌላ አንድ። 74ኛው ቀኑ ነበር። ፊቱ እንደ ሌባ ሆኗል። «ሽልማቱ ከሌለ ለምን እሰቃያለሁ ብዬ ነው» አለኝ። የሽልማት ትልቁ ድክመት እዚህ ላይ ነው፤ ሰውየው ከሱሱ ሳይሆን ከሽልማቱ ጋር ከተጋባ፣ ሽልማቱ ሲሰነጠቅ እሱም አብሮ ይሰነጠቃል። ጥናቶቹ ሽልማት ይሠራል ሲሉ የሚያወሩት ስለ ብር ነው። ብር አፈሙዙ አይዝግም።

ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ለሚያቆም ሁሉ ይጠቅማል። የኒኮቲን ጣር የሚከፋው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ነው፤ ንዴቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ሐሳብ መበታተኑ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይቆያል፣ ከዚያ ይለዝባል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው አምሮት የቦታና የሰዓት ነው፤ ከጫት ጋር፣ ከሻይ ጋር፣ ከብስጭት ጋር። አምሮቱ ሲነሳ ደግሞ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። አካሉ ግን ሽልማቱን ማንንም ሳይጠብቅ መክፈል ይጀምራል፤ ካቆሙ ከ20 ደቂቃ በኋላ የልብ ምት ይወርዳል፣ በ12 ሰዓት ውስጥ ደም ውስጥ ያለው የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠን ወደ ልኩ ይመለሳል፣ በዓመቱ በልብ ሕመም የመያዝ አደጋው ከሚያጨስ ሰው በግማሽ ይቀንሳል። ሁለት ሲጋራ ማጨስ 73 ቀኑን አይሰርዝም። ይሄን ነገርኩት። የሚሰማ አይመስልም ነበር።

ውል ውል ነውና ገንዘቡ የእናትየው ሆነ። 8,760 ብር፤ ያጨሰበትን ቀን ሳይጨምር። ጓደኛዬ ራሱ ሄዶ ነገራቸው፤ መዋሸት ይችል ነበር፣ ሽንት የሚመረምር የለም። እኔ እንደ ኢኮኖሚክስ ተማሪ ውሉ እንደ ፈረሰ አሰብኩ። እናትየው ግን መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ነገር አደረጉ። በማግስቱ ዱብቲ ገበያ ሄደው የገንዘቡን ያህል፣ ትንሽ ከራሳቸው ጨምረው፣ አንዲት ያረገዘች ፍየል ገዙ። ቤት አምጥተው ግቢ ውስጥ አሰሩና ልጃቸውን ጠሩት።

«ይቺ የኔ ናት» አሉት፤ እሱ ነው የተረጎመልኝ። «እስክትወልድ አታጭስ። ካላጨስክ የምትወልደው ያንተ ነው።»

ፍየል የምታረግዘው አምስት ወር ያህል ነው። ይቺ ስንት ወር እንደቆየች ማንም አያውቅም። እንግዲህ ቀን የሌለው ውል ሆነ፤ መቶ ቀን ብሎ መቁጠር የለም፣ ስንት ቀረኝ ብሎ ሌሊት መሪ ላይ ማስላት የለም። እኔ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተቀምጬ እንዲህ ያለ ውል የመንደፍ ችሎታ አላገኘሁም። ከሥራ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያየው የፍየሏን ሆድ ነው። ረዳቱ እንደነገረኝ ገላፊ ላይ ሲጋራ ሲዘረጉለት «ፍየል አለችኝ» ብሎ ይመልሳል፤ ማንም አልገባውም።

መስከረም ላይ ወለደች። መንታ። አንዱ ወንድ ነው፤ ጓደኛዬ ቤልጅግ ብሎ ስም አወጣለት። እናቱ ስሙን አልወደዱትም፤ ጥቁሩ ነው የሚሉት። የፍየል ግልገል የጠመንጃ ያህል አያኮራም፣ ሎጊያ ሻይ ቤት ተሸክሞ አይገባበትም። ግን የፕሮሶፒስ ፍሬ እየለቀመ ይኖራል፣ አውሳ ደግሞ ፕሮሶፒስ አላጣችም።

ጠመንጃውን ትቶታል ብዬ ልዋሽላችሁ አልፈልግም። በኅዳር ከሐጂ ጋር ሆኖ ስለ ፈቃድ ለመጠየቅ ሰመራ ሄደ። ያለውን አሠራር ጠየቀ፣ ቅጽ ሞላ፣ መልስ እየጠበቀ ነው። ሐጂ አብረው የሄዱት ሊረዱት ይሁን ሊያዘገዩት አላውቅም፤ ስጠይቃቸው ሳቁ። እሱ የሚለው፣ ፈቃዱ ከመጣ አፈሙዙ ጤነኛ፣ ቁጥሩ የገጠመ፣ እንጨቱ ያልተሰነጠቀ ቤልጅግ እስኪገኝ ይጠብቃል፤ ጥይት እንደማይገዛለትም ነግሮኛል። እኔ አሁንም ባይገዛው ነው የምመርጠው፤ ነግሬዋለሁ፣ ተከራክረናል፣ አልተስማማንም።

ይሄን ስጽፍ ጥር ነው። ትናንት ማታ ድምፅ ላከልኝ። ከኋላው ሞተር አይሰማም፤ ቤት ነው። የሆነ ነገር በተደጋጋሚ ይጮኻል።

«ስንተኛ ቀንህ ነው?» አልኩት።

«መቁጠር ትቻለሁ» አለኝ። «ቆይ፣ ቤልጅግ ገመዱን በጥሶ የኢናን ሰሌን እየበላ ነው፤ እደውልልሃለሁ።»